ታምሞ የተመለሰ አገልጋይ

የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት። ንባብ፦ ወደ ፊልጵስዩስ ሰዎች 2፥25—30

ለዛሬው ጥናት የመረጥነው ክፍል ብዙ ጊዜ ተነብቦ የሚታለፍ ነው። ከእርሱ አስቀድሞ ጌታችን ራሱን ስለ ማዋረዱ የተጻፈው ታላቅ ትምህርት ስላለ፣ የአፍሮዲጡ ነገር እንደ ተራ የደብዳቤ ወሬ ይመስለናል። እኛም ለብዙ ዘመን እንዲሁ ስናልፈው ኖረናል። ቆም ብለን እንድናነበው ያደረገን ከባሱንዳ ታምሞ የተመለሰ አንድ ወንድም ነው።

ባሱንዳ በሱዳን ምድር፣ በገዳሪፍ ግዛት፣ ከመተማና ከጋላባት ማዶ ያለች አገር ናት። ምድሯ ጥቁር አፈር ነው፤ በክረምት ጭቃው እግር ይይዛል፣ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። ማሽላና ሰሊጥ በብዛት ስለሚዘራባት፣ አጨዳ ሲደርስ ከአገራችን ብዙ ሠራተኛ ወደዚያ ቆላ ይወርዳል። በዚያው በተሰነጠቀው አፈርና በግራሩ ሥር ግን ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፍ፣ ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ትኖራለች። የገዳሪፍ አገር ይህ በሽታ በዓለም እጅግ ከሚበረታባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው።

በሱዳን ጦርነት ከተነሣበት ከ2023 አስቀድሞ (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) አንድ ወንጌላዊ ወንድማችን በዚያ ላሉት ሠራተኞች ቃሉን ሲያካፍል ቆይቶ ታመመ። መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ የወባ መድኃኒት ወሰደ፤ ትኩሳቱም ጥቂት ቀን ተወውና ተመለሰ። ሰውነቱ እየመነመነ ሄደ፣ ሆዱ ግን በግራ በኩል ጣፊያው አብጦ ተነፋ። ካላዛር መሆኑ በታወቀ ጊዜ በአህያ ላይ እንኳ ሊቀመጥ አቅም አልነበረውም። ይህ በሽታ ካልታከሙት የሚገድል ነው። እርሱ ግን 17 ቀን በየቀኑ መርፌ ተወግቶ፣ በእግዚአብሔር ምሕረት ትኩሳቱ ለቀቀውና ወደ ቤቱ ገባ።

በቤቱ ሌላ ሕመም ቆየው። ሊጠይቁት ከመጡት አንዳንዶቹ፣ «ምናልባት ጸሎት ጐድሎበት ይሆናል» ብለው ሲንሾካሾኩ ሰማ። እርሱም የተላከበትን ሳይፈጽም የተመለሰ እንደ ሆነ ቈጥሮ አፈረ፤ ወር ሳይሞላውም ወደ ባሱንዳ ልመለስ ብሎ ተነሣ። እውነቱን እንናገር ዘንድ፣ እኛ እረኞቹ ስፍራው ባዶ እንዳይሆን ብለን ችኰላውን ወደድንለት፤ ቅንዓት ነው ብለንም አመሰገንነው። የከለከለው ሐኪሙ ነው። ካላዛር ተፈወሰ ከተባለ በኋላ ሊያገረሽ እንደሚችል፣ በሱዳን በኩል የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ ቆዳው ላይ ሽፍታ እንደሚወጣበት፣ ስለዚህም ምግብና ዕረፍት ምርመራም እንደሚያስፈልገው አስረዳን። በዚያን ቀን ከእኛ ይልቅ የጳውሎስን ልብ የያዘው ያ ሐኪም ነበረ።

እንግዲህ ጳውሎስ ያደረገውን እንመልከት። የፊልጵስዩስ ምእመናን አፍሮዲጡን ስጦታ አስይዘው፣ በእስራት ያለውን ሐዋርያ እንዲያገለግል ላኩት። እርሱ ግን ታመመ፤ ለሞትም ቀረበ። በመላጥያ ደሴት በንዳድ የተያዘውን የፑፕልዮስን አባት እጁን ጭኖ የፈወሰ ያው ሐዋርያ፣ የገዛ ባልንጀራው በአጠገቡ ተኝቶ ሲያጣጥር አየ። ጥሮፊሞስንም በሌላ ጊዜ ታምሞ ሳለ በሚሊጢን ተወው። በሁለቱም ላይ የእምነት ጕድለት አላገኘባቸውም። ስለ አፍሮዲጡ የሚለው እግዚአብሔር ለታማሚው እንደ ማረው፣ በኀዘን ላይ ኀዘን እንዳይጨመርም ለራሱ ለጳውሎስ እንደ ራራለት ብቻ ነው።

አፍሮዲጡ የተጨነቀው ስለ ሕመሙ እንዳልነበረ ደግሞ አስተውሉ፤ መታመሙን የአገሩ ሰዎች ስለ ሰሙ ነው። ይህን የሚያውቀው በሩቅ አገር ታምሞ፣ ወሬው እናቱ ዘንድ እንዳይደርስ የተጨነቀ ሰው ነው።

ጳውሎስ ሰውየው ያለ ጊዜው ሲመለስ በጉባኤው ዘንድ ምን ሊባል እንደሚችል የገባው ይመስለናል። ስለዚህ አስቀድሞ ወንድም፣ አብሮ ሠራተኛ፣ አብሮ ወታደር ብሎ ይጠራዋል፤ ከዚያም በፍጹም ደስታ እንዲቀበሉት፣ እንደ እርሱ ያሉትንም እንዲያከብሩ ያዝዛል። መልእክቱንም ያደረሰው ራሱ አፍሮዲጡ እንደ ነበረ ይታመናል። እንዲህ ከሆነ ያ የታመመ ሰው ወደ አገሩ የገባው ክብሩን በእጁ ይዞ ነው። እኛ ለወንድማችን እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልጻፍንለትም።

ከባሱንዳ ብዙ በማይርቀው በዚያው የድንበር ቆላ ያለፈ ሌላ አገልጋይ እናስብ። በቩርተምበርግ የተወለደው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በሸዋና በሞምባሳ ያገለገለ ነው፤ በ1844 በሞምባሳ ሚስቱንና አራስ ልጁን በንዳድ ምክንያት ቀብሯል። በ1855 ከማርቲን ፍላድ ጋር ወደ አገራችን መጥቶ፣ ሲመለስ በምዕራቡ ቆላ ወርዶ በሰናርና በካርቱም በኩል ወደ ግብጽ ወጣ። ያ መንገድ ሰውነቱን ሰበረው፤ በአፍሪካ መኖር እንደማይችል ተረድቶ በጀርመን አገር በኮርንታል ተቀመጠ። ከዚያም በኋላ ሁለት ጊዜ ወጣ። ሁለተኛው በ1867 ከእንግሊዝ ጦር ጋር በአስተርጓሚነት ነበረ፤ ይህን ባልሄደ መልካም ነበረ እንላለን። ያን ጊዜም ጤናው መለሰው። እስከ 1881፣ እስከ ሞተበት ዓመት ድረስ ግን በጠረጴዛው ፊት ተቀምጦ የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ አረመ፣ ለኦሮምኛው ትርጕም ደከመ፤ የስዋሂሊ መዝገበ ቃላቱም እርሱ ካረፈ በኋላ በ1882 ታተመ። ጤናው እንደ ቀድሞው አልተመለሰለትም። ይህን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል፤ ምክንያቱም ሕመምተኛን «ድነህ ወደ ቦታህ ትመለሳለህ» ብለን ልንምልለት ሥልጣን የለንም።

ኦኔሲሞስ ነሲብ ግን ዳነ። በ1881 ወደ ወለጋ ሊደርስ ተስፋ አድርጎ ከሚስዮናውያን ጋር በሱዳን በኩል ተጓዘ፤ ከአሶሳ ግን ማለፍ አልቻሉም። ሲመለስ ንዳድ ያዘውና ሚያዝያ 10 ቀን 1882 ታምሞ ካርቱም ደረሰ፤ ያውም የማህዲስቶች ዐመፅ በተነሣበት ወራት። ካገገመ በኋላ በምጽዋ አጠገብ ወዳለው ወደ ምንኩሉ ተመልሶ የትርጕም ሥራውን ጀመረ። የኦሮምኛው ሐዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ፤ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ወጣ። ወለጋ የገባው በ1904 ነው፤ ይህም ታምሞ ካርቱም ከደረሰ 22 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እኛ ለወንድማችን አንድ ወር እንኳ አልታገሥነውም ነበር!

ኤልያስም በክትክታው ዛፍ ሥር ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶም ዳግመኛ ሲተኛ ተወው። ተግሣጽም ቢሆን ተልእኮም ቢሆን የመጣው ከምግቡና ከእንቅልፉ በኋላ ነው።

ይህን ከተማርን በኋላ ወደ ወንድማችን ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። ሽማግሌዎቹ ደመወዙ እንዳይቋረጥ ወሰኑ፤ የሴቶች ማኅበር በየሳምንቱ እንቁላልና ወተት ያደርስለት ጀመር፤ ለምርመራ ሲሄድ አብሮት የሚጓዝ ወጣትም ተመደበ። ስለ ባሱንዳ ማንም እንዳይጠይቀው ተስማማን። በአራተኛው ወር ራሱ ወደ ቤተ ክርስቲያን መጣ። ንባቡን እንዲያነብ ስንጠይቀው እግሩ ገና እንዳልጠና ነገረን፤ ያን ጊዜ «ጸሎት ጐድሎበት ይሆናል» ካሉት አንዱ ተነሥቶ የራሱን ወንበር ከንባቡ ስፍራ አኖረለት፤ እርሱም ተቀምጦ አነበበልን።