ፋብሪካ ሲዘጋ የሠራተኛው መብት ምንድን ነው?



በዚህ ትምህርት የምንመለከተው፥ ሥራ ወደ ሌላ አገር በሚዛወርበት ጊዜ እንጀራውን ያጣ ሰው ከመንግሥትና ከሕግ ምን ድጋፍ እንደሚያገኝ ነው። ጉዳዩ ሩቅ መስሎ ይታየን ይሆናል። ነገር ግን ከወሎ ሰፈር ወጥታ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የተቀጠረች አንዲት እህት ሻንጣዋን ይዛ ወደ እናቷ ቤት ስትመለስ፥ ችግሩ ከደጃችን ደረሰ ማለት ነው።

ሀ. የሆነው ነገር

በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን ይዞ ነበር፤ አብዛኞቹም ወጣት ሴቶች ነበሩ። የሰፉት ልብስ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ይገባ የነበረው፥ እ.አ.አ. በ2000 በወጣውና አጎዋ በተባለው የአሜሪካ ሕግ ምክንያት ነው። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ የአሜሪካ መንግሥት ኢትዮጵያን ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከዚህ ዕድል አስወጣ። ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው ኩባንያም ቀደም ብሎ በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታውቆ ነበር። በስፌት ማሽን ፊት የተቀመጠችው ሠራተኛ በጦርነቱም ሆነ በንግዱ ውሳኔ ላይ ድምፅ አልነበራትም፤ ዕዳው ግን በእርሷ ላይ ወደቀ።

ለ. በሌሎች አገሮች

አሜሪካ እ.አ.አ. በ1962 ባወጣችው የንግድ ሕግ፥ በውጭ ንግድ ምክንያት ሥራቸውን ላጡ ዜጎቿ ልዩ ድጋፍ መሠረተች፤ በ1974 ደግሞ አሰፋችው። ሥልጠና፥ በሥልጠናው ጊዜ መተዳደሪያ፥ ለሥራ ፍለጋና ወደ ሌላ ከተማ ለመዛወር የሚሆን ገንዘብ ይሰጥ ነበር። ሕጉ ባለመታደሱ ከሐምሌ 1 ቀን 2022 እ.አ.አ. ጀምሮ አዳዲስ ማመልከቻዎችን መቀበል ተቋርጧል። የአውሮፓ ኅብረትም ለዚሁ ዓላማ እ.አ.አ. በ2006 አንድ ፈንድ አቋቁሟል።

ሐ. በአገራችን ሕግ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፈል የሥራ አጥነት መድን አልደነገገም። ሸክሙን የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። ድርጅት ለዘለቄታው ሲዘጋ ወይም ሠራተኛ ሲቀነስ የሥራ ስንብት ክፍያ ይከፈላል። ስሌቱን በምሳሌ እንየው።

አንዲት ሠራተኛ አራት ዓመት አገልግላለች፤ በመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዟ 60 ብር ነበር እንበል። ለመጀመሪያው ዓመት የቀን ደመወዟ በ30 ይባዛል፤ 1,800 ብር ይሆናል። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ፥ ማለትም 600 ብር ይታከላል፤ ለሦስቱ ዓመታት 1,800 ብር። ምክንያቱ የድርጅቱ መዘጋት ወይም የሠራተኛ ቅነሳ በመሆኑ፥ የ60 ቀን ደመወዝ፥ 3,600 ብር፥ ይጨመርላታል። በጠቅላላው 7,200 ብር ይደርሳታል። ያልወሰደችው የዓመት ዕረፍት ካለም በገንዘብ ይታሰባል።

ልብ እንበል፤ ክፍያው የሥራ ውሉ ከተቋረጠ በኋላ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። ካልተፈጸመም አቤቱታው ውሉ በተቋረጠ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ብዙዎች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው፤ መብታቸውን ሕግ ሳይነፍጋቸው ባለማወቅ ጊዜው ያልፍባቸዋል።

ይሁን እንጂ 7,200 ብር የአራት ወር ደመወዝ ያህል ነው። ከዚያ በኋላስ? አሠሪው ከአገር ወጥቶ ከሄደ ወይም ከከሰረ፥ በሕግ የተጻፈው መብት የሚጨበጥ ገንዘብ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ሸክሙን በአሠሪው ላይ ብቻ መጣል አይበቃም።

መ. የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.አ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት ዐዋዲ መልእክት፥ ከቀጥተኛው አሠሪ ሌላ «ቀጥተኛ ያልሆነ አሠሪ» እንዳለ ያስተምራሉ። መንግሥትና ዓለም አቀፉ የንግድ ሥርዓት የሥራውን ሁኔታ ስለሚወስኑ የኃላፊነቱ ተካፋዮች ናቸው። ለሥራ አጦች የሚሰጠው ድጋፍም ከመኖር መብት የሚመነጭ ግዴታ እንጂ ምጽዋት አይደለም።

ሠ. ከእኛ የሚጠበቀው

ሥራ ያጣችው እህት ብዙውን ጊዜ የምታፍረው በራሷ ነው፤ ጥፋቷ ይመስላታል። መጀመሪያ ይህን ሸክም እናንሣላት። ቀጥሎም የቅጥር ደብዳቤዋን፥ የደመወዝ ማስረጃዋንና የአገልግሎት ምስክር ወረቀቷን እንድታሰባስብ እንርዳት። ክፍያዋን ካላገኘች፥ ስድስቱ ወር ሳያልፍ የሥራ ክርክር ወደሚያይ ፍርድ ቤት እንድትሄድ እናሳስባት። የሚያነብላትና አብሯት የሚሄድ አንድ ሰው ማግኘቷ ብቻ ብዙ ያቃልላል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን በፋብሪካ መዘጋት ምክንያት ሥራውን ያጣ ማን አለ? ስድስቱ ወር አልፎበታልን?
2. ከላይ በተሰጠው ስሌት፥ ስድስት ዓመት ያገለገለና በቀን 90 ብር ያገኝ የነበረ ሠራተኛ ምን ያህል ይደርሰዋል?
3. የሥራ አጥነት መድን ቢቋቋም መዋጮውን ማን ሊሸከም ይገባል ትላላችሁ?