እንዝርትና ጋቢ፦ የፈትል ሙያ በቤተሰብ ትውልዶች መካከል የሚተላለፍበት መንገድ በእንጭኒና አካባቢው

መግቢያ

ጨርቅን ደራርቦ በመስፋት የሚዘጋጅ የብርድ ልብስ በብዙ አገሮች የቤተሰብ ሙያ ሆኖ ከአያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። በአሜሪካ አላባማ ግዛት በጊስ ቤንድ መንደር የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ ቁራጭ እየገጣጠሙ የሚሰፉት ድርብ ልብስ በ2002 እ.ኤ.አ. በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለሕዝብ ታይቷል። በቤንጋል ደግሞ ያረጀ ሳሪ ተደራርቦ በጥቃቅን ስፌት ሲያያዝ ካንታ ይባላል። በኢትዮጵያ ደጋ ለእነዚህ የሚቀርበው ልብስ ጋቢ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጋቢ መነሻ የሆነው የፈትል ሙያ በቤተሰብ ውስጥ እንዴት እንደሚተላለፍና ዛሬ ምን እንደገጠመው መመርመር ነው። ለምርመራው የተመረጠው ቦታ በኦሮሚያ ክልል በምዕራብ ሸዋ ዞን የአደአ በርጋ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው እንጭኒና አካባቢዋ ነው።

ቦታውና ልብሱ

እንጭኒ ደጋ ናት። ከእርሷ ወደ ሰሜን መሬቱ ወደ ሙገር ሸለቆ ይወርዳል፤ የሙገር ወንዝም የዓባይ ገባር ነው። ጥጥ ሙቀት የሚሻ ተክል በመሆኑ በደጋው አይበቅልም። ስለዚህ የደጋ ቤተሰብ ልብሱን የሚያዘጋጀው ከቆላ በገበያ በሚመጣ ጥጥ ነው። ብርዱ ያለው በአንድ ወገን፣ ጥጡ የሚበቅለው በሌላ ወገን ሲሆን፣ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ገበያና የሴቶች እጅ ነው።

ጋቢ በተለምዶ አራት እጥፍ የሆነ ሸማ ነው። ከጠባቡ የሸማኔ ዕቃ የሚወጣው ሸማ ጠርዝ ለጠርዝ ይሰፋና ይደረባል። ሙቀት የሚሰጠው በክብደቱ ብቻ አይደለም፤ በእጥፎቹ መካከልና ላላ ተደርጎ በተፈተለው ማግ ውስጥ የሚታፈነው አየር ብርድን ይከላከላል። የጊስ ቤንድም ሆነ የቤንጋል ድርብ ልብስ የሚሠራው በዚሁ መርህ ነው። ከጋቢ የሚከብደው ቡልኮ፣ በአፋን ኦሮሞ ቡሉኮ፣ በኦሮሞ ሽማግሌዎች ዘንድ የክብር ልብስ ነው።

የሥራው ሂደትና የትምህርቱ ቅደም ተከተል

የፈትል ሥራ ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ ጥጡ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በብረት ዘንግ ይዳመጣል፤ ፍሬውም ይለያል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል፤ ተነድፎ የላላው ጥጥ ባዘቶ ይባላል። ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆናል፤ አመልማሎው በእንዝርት ይፈተላል። ፈታይዋ እንዝርቱን በጭኗ ላይ አሽከርክራ ትለቀዋለች፤ በሌላ እጇ ጥጡን እየሳበች ታቀጥነዋለች። የተፈተለው ተጠቅልሎ ልቃቂት ሲሆን ወደ ሸማኔ ይሄዳል።

ይህ ቅደም ተከተል የመማሪያ መሰላልም ነው። ሕፃን ልጅ ፍሬ መልቀም ትችላለች፤ ከፍ ስትል አመልማሎ ትጠቀልላለች፤ እንዝርት የምትይዘው ጣቷ ጥጡን ሲለምድ ነው። መጀመሪያ የምትፈትለው ወፍራም የጋቢ ማግ ነው፤ ምክንያቱም ጉብጉብ ያለ ክር በጋቢ ውስጥ ብዙ አይጎዳም። ቀጭንና ጠንካራ ድር መፍተል የባለሙያ ሥራ ነው። ስለዚህ የጀማሪዋ ክር አይጣልም፤ ከእናቷና ከአያቷ ፈትል ጋር በአንድ ጋቢ ውስጥ ይገባል።

ትምህርቱ በቃል ማብራሪያ የሚሰጥ አይደለም። ጥጡ ያለ መጠን ሲሳብ ክሩ ይበጠሳል፤ ሳይሳብ ሲቀር ይጎበጉባል። ስህተቱን ቀድሞ የሚናገረው ክሩ ነው፤ የትልቋ ድርሻ የተበጠሰውን እንዴት እንደሚቀጥሉት ማሳየት ነው። ከዚህም በላይ ፈትል ተቀምጠው የሚሠሩት ቀላል ሥራ ስለሆነ፣ ውኃ መቅዳትና እንጨት መሸከም ያቆሙ አያቶች ይቀጥሉበታል። በዚህ ምክንያት ሙያውን የሚያስተላልፈው መስመር ብዙ ጊዜ ከእናት ይልቅ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ይዘረጋል።

ሁለት የውርስ መስመሮች

አንድ ጋቢ የሁለት ውርሶች መገናኛ ነው። ፈትል በቤት ውስጥ ከሴት ወደ ሴት ይወርዳል፤ ሽመና ደግሞ በአብዛኛው በሸማኔ ቤተሰብ ውስጥ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ይተላለፋል። ሁለቱ ግን እኩል ክብር አላገኙም። ፈትል የወይዘሮዎችም ሙያ ሆኖ ሲመሰገን፣ ሸማኔው እንደ አንጥረኛውና እንደ ሸክላ ሠሪዋ በእጁ ሥራ ሲናቅ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያዎችን በሙያቸው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የንቀቱን ስፋት ያመለክታል። ስለዚህም ፈትል በየቤቱ ሲሰራጭ ሽመና በተወሰኑ ቤተሰቦች እጅ ቀርቷል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌ ስለ ኅብረት ሲነገር፣ ድሩን ያዘጋጁትና የሸመኑት እጆች ግን በማኅበራዊ ኑሮ ተራርቀው ነበር።

የፋብሪካ ክርና ያስከተለው ለውጥ

የድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካ በ1930ዎቹ ከተቋቋመ በኋላና ሌሎችም በአቃቂና በባሕር ዳር ከተከተሉት ወዲህ የፋብሪካ ክር በገበያ ተስፋፍቷል። ሸማኔዎች ጠንካራና ወጥ የሆነውን የፋብሪካ ክር ለድር መረጡ፤ የእጅ ፈትል በማግነት ቀረ። ለውጡ ለፈታዮች እፎይታ ነበር፤ አድካሚው ድር ከትከሻቸው ወርዷልና። ነገር ግን ከመሰላሉ የላይኛው እርከን አብሮ ተነሣ። ቀጭን ድር መፍተል የምትችል ሴት ስታልፍ የሚተካት የለም፤ ልጂቱም ከጋቢ ማግ በላይ የምትደርስበት ደረጃ አታይም።

ከዚህ ላይ የሰው ሠራሽ ክር ብርድ ልብስ በርካሽ መምጣቱና የልጃገረዶች ትምህርት ቤት መግባት ይታከላሉ። ሁለተኛው በራሱ መልካም ለውጥ እንጂ እንደ ጥፋት የሚቆጠር አይደለም። ጥያቄው ትምህርት ቤት የወሰደውን የማታ ጊዜ ሙያው በሌላ ጊዜ ሊያገኘው ይችላል ወይ የሚለው ነው።

የሚጠፋው የክር ዓይነት ብቻ ቢሆን ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን እናት ፈትላ ያሠራችው ጋቢ ለልጅ ሠርግ ይሰጣል፤ ወደ ከተማና ወደ ውጭ አገር ለሚሄድም ስንቅ ይሆናል፤ ሲያረጅ ተቀዶ ለሕፃን መታቀፊያ ይውላል። በእያንዳንዱ ደረጃ ለባሹ ማን እንደፈተለው ያውቃል። የተገዛ ጋቢ ይሞቃል፤ የፈታይቱን ስም ግን አይዝም።

ማጠቃለያ

ኢትዮጵያ በ2006 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች ስምምነት ባህላዊ የእጅ ሙያን ከቅርስ ዘርፎች አንዱ አድርጎ ይቆጥራል፤ ጥበቃም ሲል ቁሱን ማስቀመጥ ብቻ ሳይሆን ዕውቀቱን ለተተኪ ትውልድ ማስተላለፍ ማለቱ ነው። ከዚህ አንጻር ለእንጭኒና ለመሰል የደጋ ከተሞች ሦስት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛ፣ አያቶችን አስተማሪ ያደረገ የክረምት ዕረፍት የፈትል ትምህርት፤ ሁለተኛ፣ በገበያ የእጅ ፈትልን ከፋብሪካ ክር ለይቶ የሚያሳውቅ ምልክትና ተመጣጣኝ ዋጋ፤ ሦስተኛ፣ ቀጭን ድር መፍተል የሚያውቁ እናቶች በሕይወት ሳሉ የእጅ ሥራቸውን በምስልና በጽሑፍ መመዝገብ። ከሦስቱ የማይዘገየው የመጨረሻው ነው። ሙያው የሚኖረው በመጽሐፍ ሳይሆን በጣት ላይ ነውና፣ ጣቱ ካለፈ በኋላ የሚመዘገብ ነገር አይኖርም።