የመጀመሪያ ጉብኝት ወደ ሐዋሳ፦ መምህሩ አስቀድሞ ምን ይወቅ?

አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ስለዚህ «ውሃ ዳር ሄጄ ልዝናና» የሚል ሰው ፊቱን የሚያዞረው ወደ ሐይቆቻችን ነው፤ ከነዚህም መካከል ስሟ ቶሎ የሚነሣው ሐዋሳ ናት። እኛ እጩ መምህራን ግን ጉዞውን ከዚህም አልፈን ልናየው ይገባል። ዛሬ ለራሳችን የምንሄድበት ቦታ፣ ነገ አርባና ሃምሳ ተማሪዎች አስከትለን የምንሄድበት ነው። መምህሩ ራሱ ወዳላየው ውሃ ልጆችን ይዞ መሄድ ለአደጋ በር መክፈት ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ጉብኝት እንደ ትምህርት ዝግጅት እንዴት ይታቀዳል? በየተራ እንመልከት።

1. ዓላማ
«ሐዋሳን ማየት» ብቻውን ዓላማ አይባልም። ዓላማ የሚመለስ ጥያቄ ያለው መሆን አለበት። ለምሳሌ፦ የሐዋሳ ሐይቅ ለምን ጨዋማ አልሆነም? ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ 22 ሜትር ገደማ ነው። ጥቁር ውሃ የተባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። እንዲህ ያለ ሐይቅ እንደ አብያታና እንደ ሻላ ጨዋማ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት ውሃው በመሬት ውስጥ እየሰረገ ሲወጣ ጨዉንም ይዞ ይሄዳል። ይህን አንድ ጥያቄ ይዞ የሄደ ሰው ሥራ ፈትቶ አይመለስም።

2. ጊዜና መንገድ
ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሞጆ፣ በመቂ፣ በዝዋይ (ባቱ)፣ በአርሲ ነጌሌና በሻሸመኔ የሚያልፈው መንገድ የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች ተከትሎ ስለሚሄድ እሱም ራሱ ትምህርት ነው፤ መስኮት አጠገብ መቀመጥ ነው እንጂ እንቅልፍ አያዋጣም። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወራት ለጉዞ ይመቻል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ቀኑን የሚወስኑት ከዋክብትን የሚመለከቱ አዋቂዎች ስለሆኑ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። በበዓሉ ሰሞንና በታኅሣሥና በሐምሌ 19 የገብርኤል ዕለት ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ አልጋ ቀደም ብሎ መያዝ ይበጃል።

3. ገንዘብ
የመጓጓዣ፣ የአልጋ፣ የምግብና የጀልባ ወጪ ለየብቻ ይጻፍ። ለድንገተኛ ነገር የሚሆን መጠባበቂያ ደግሞ ይቀመጥ። የጀልባ ዋጋ ጀልባው ላይ ከመውጣት በፊት እንጂ ከወረዱ በኋላ አይነጋገሩበትም።

4. ጤናና ደኅንነት
ይህ ክፍል ከሁሉ ይበልጣል። በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ አለ። በበሽተኛ ሰው ሰገራ የወጣው እንቁላል ውሃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል፤ በትንሽ የውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ይወጣና የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። ለመያዝ ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ እግርን መንከር ይበቃል። ስለዚህ «ትንሽ ብቻ ልዋኝ» ማለት አይሠራም። ውሃው የነካው ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር፤ መድኃኒት አለው።

ጉማሬም አለ። «ሣር በል ነው፣ ምን ያደርጋል?» የሚሉ ሞልተዋል። ነገር ግን ጉማሬ መንገዱን የዘጋበትንና የቀረበውን ሁሉ ያጠቃል፤ ማታ ደግሞ ለግጦሽ ወደ የብስ ይወጣል። በጀልባ የሚሄድ ሰው የመንሳፈፊያ ሰደሪያ ይልበስ፤ ሰደሪያ ከሌለ ጀልባው ይቅር። ወባም ስላለ አጎበር ያለው መኝታ ይመረጥ።

5. የዕለቱ ሥራ
ጠዋት በማለዳ ወደ አሞራ ገደል ነው። ዓሣ አስጋሪዎች ቆሮሶና አምባዛ ይዘው ይመጣሉ፤ አባ ኮዳም ፍርፋሪ ለመልቀም ቆሞ ይጠብቃል። የምግብ ሰንሰለት ማለት ይኸው ነው። ዓሣው ጥሬውን ሳይሆን ተጠብሶ ይበላ። ፀሐይ በረድ ሲል ታቦር ተራራ ላይ ወጥቶ የከተማውንና የሐይቁን ንድፍ በደብተር መሳል ነው። ከተማው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነ፣ ወደ ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር የቆመ ሰው ጀምበር በውሃው ማዶ ስትጠልቅ ያያል።

6. ከተመለሱ በኋላ
ከሁለት ቀን ሳያልፍ፣ ሳይረሳ፣ ይጻፍ፦ ጥላ ያለበት ቦታ የት ነው? መጸዳጃ ቤትስ? ልጅ ሊንሸራተት የሚችልበት ዳርቻ የቱ ነው? ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ የት ነው? ስንት ተማሪ ለአንድ መምህር ይበቃል? እነዚህን መልሶ የጻፈ መምህር ልጆቹን ቢወስድ ወላጅም ያምነዋል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች
ሀ. ሐዋሳና ሻላ ሁለቱም መውጫ ወንዝ የላቸውም። የውሃቸው ልዩነት ከምን መጣ?
ለ. የቢልሃርዚያን ዑደት በሥዕል አሳዩ። ዑደቱ በየትኛው ቦታ ላይ ሊቆረጥ ይችላል?
ሐ. ለ6ኛ ክፍል ተማሪዎች የአንድ ቀን የሐዋሳ ጉብኝት ዕቅድ አዘጋጁ።