ስለ መቀነት ገንዘብና ስለ ስልክ ገንዘብ

ገበያ ለሰው ሁሉ ትምህርት ቤት ነው። ባላገር ወደ ገበያ ሲወርድ እህሉን ወይም ዶሮውን ይዞ ይሄዳል፤ ሲመለስ ጨው፣ ቡና፣ ሳሙናና ክብሪት ይዞ ይመለሳል። በሁለቱ መካከል ሆኖ የሚያገናኘው ገንዘብ ነው። እናቶች ይህን ገንዘብ በመቀነታቸው ወይም በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሲይዙት ኖረዋል፤ ዛሬም ብዙዎች እንዲሁ ያደርጋሉ። ነገር ግን በዚህ ዘመን የከተማ ሰው፣ እርሱንም ተከትሎ የገጠር ሰው፣ ለጥቂት ነገር እንኳ በእጅ ስልኩ መክፈል ጀምሯል። ስለዚህ ለትንሹ ግዢ ዝርዝር ገንዘብ መያዝ ይቅርን ወይስ አይቅር ብሎ መጠየቅ የተገባ ነው። ይህንንም ጥያቄ በሚገባ ለመመለስ አስቀድሞ የዝርዝርን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል።

1ኛ፤ ስለ ቀድሞ ዘመን ዝርዝር

የአክሱም ነገሥታት በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ገንዘብ ያሠሩ ነበር። ወርቁ ለታላቁና ለሩቁ ንግድ፣ መዳቡ ለየዕለቱ ገበያ ያገለግል ነበር። ከመዳቡም ገንዘብ በአንዳንዱ ላይ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ትርጓሜ ያለው ጽሕፈት ይገኛል። ትንሹ ገንዘብ በሁሉ ሰው እጅ የሚገባ ነውና ይህ ቃል በእርሱ ላይ መጻፉ የተገባ ነበር።

የአክሱም ገንዘብ ከቀረ በኋላ ሕዝቡ ለብዙ መቶ ዓመታት በአሞሌ ጨው ይገበያይ ነበር። አሞሌ ከአፋር በረሓ ተቈርጦ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ ከተቈረጠበት ስፍራ በራቀ መጠን ዋጋው ይጨምር ነበር። ዝናም ሲያገኘው ግን ይሟሟል፤ ሲወድቅም ይሰበራል። በኋላ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የ1780 ዓመት የተጻፈበት የማርያ ቴሬዛ ብር ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ይህ ብር በቅሎ ለሚገዛ ሰው የተመቸ ነበር፤ አንድ ጭብጥ በርበሬ ለሚሻ ግን አልተመቸም። ስለዚህ ብሩ ለትልቁ፣ አሞሌው ለትንሹ ግዢ ሆነው አብረው ኖሩ። በአንዳንድ ስፍራም ጥይት እንደ ዝርዝር ይቈጠር ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ መልካቸው ያለበትንና የ1887 ዓመት የተጻፈበትን ብር በፓሪስ አሠሩ፤ ከእርሱም ጋር አላድ፣ ሩብ፣ ግርሽና ሌላም ዝርዝር ወጣ። ባላገሩ ግን የለመደውን የማርያ ቴሬዛን ብር ለመተው ብዙ ዘመን አመነታ። በሐምሌ ወር 1937 ዓ.ም. ደግሞ በመቶ ሳንቲም የተከፈለው ብር በወረቀትና በሳንቲም ወጥቶ ሥራ ጀመረ። ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት፣ አዲስ ገንዘብ በአዋጅ ብቻ አይገባም፤ የሚገባው ሕዝቡ በእጁ ይዞ፣ ቈጥሮና መርምሮ ሲያምነው ነው የሚል ነው።

2ኛ፤ ስለ ዛሬ ገንዘብ

በመስከረም ወር 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ወረቀቶች በአዲስ ተለውጠው የ200 ብር ወረቀት ተጨመረ። ገንዘቡ በቍጥር እየበዛ ሲሄድ የሳንቲም የመግዛት ኀይል ደከመ፤ ዝርዝርም ጠፋ። ባለሱቁ መልስ ሲያጣ ከረሜላ ወይም ማስቲካ ይሰጣል፤ ገዢውም ሳይፈልግ ይቀበላል። ይህ ነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚጐድልበት ድኻው ነው።

በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ቴሌብር ተጀመረ፤ ባንኮችም እንዲህ ያለውን ሥራ ይሠራሉ። በጎረቤት አገር በኬንያ ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2007 ጀምሮ የተለመደ ነው። አባቶች «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይሉ ነበር፤ ዛሬ ገንዘቡ ራሱ በሰማይ መንገድ ይሄዳል። ጥቅሙም ብዙ ነው። ከፋዩ መልስ ሳይጠብቅ ልኩን ይከፍላል፤ መንገደኛም ሌባን ሳይፈራ ይጓዛል፤ በከተማ የሚሠራ ልጅ ለእናቱ የሚልከው ገንዘብ ወዲያው ይደርሳታል። ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክም ይሠራል። ስለዚህ ይህን ነገር ንቆ መተው ዐዋቂነት አይደለም።

3ኛ፤ ዝርዝር የማይጣልበት ምክንያት

አንደኛው ምክንያት ስልክ በራሱ የማይቆም መሆኑ ነው። መብራትና የስልክ መስመር ያስፈልገዋል። በሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በእስፓኝና በፖርቱጋል መብራት በጠፋ ጊዜ በብዙ ሱቅ በካርድ መክፈል አልተቻለም፤ ሳንቲም የያዘ ሰው ግን እንጀራውን ገዛ። በስዊድን አገር ሕዝቡ ጥሬ ገንዘብን ሊተው ጥቂት ቀርቶታል፤ ሆኖም መንግሥቱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ለየቤቱ ባደለው የማስጠንቀቂያ መጽሐፍ እያንዳንዱ ቤት ጥቂት ዝርዝር ገንዘብ እንዲያስቀምጥ መክሯል። በኢትዮጵያም በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሣ ስልክና ባንክ ለብዙ ወራት ተቋርጠው፣ በባንክ ገንዘብ ያለው ሰው ለልጆቹ እህል መግዣ ማውጣት አልቻለም፤ በእጅ የነበረውም ጥሬ ገንዘብ እየጠፋ ሄደ።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይልቅ ለትምህርት ቤት የቀረበ ነው። ፊደል ያልቈጠረች አንዲት እናት ብር በእጇ ስትይዝ በቀለሙና በመልኩ ታውቀዋለች፤ ማንም አያታልላትም። አሁን ግን ዕንቍላሏን ሸጣ ሳለች ገዢው «እማማ፣ ገንዘቡ ገብቶልዎታል» ብሎ የራሱን ስልክ ያሳያታል እንበል። ያሳያት ጽሕፈት የትናንት ወይም የሐሰት ቢሆን በምን ታውቃለች? ስልኳን ለአንድ ልጅ ሰጥታ «ልጄ፣ እስኪ አንብብልኝ» ትለዋለች፤ የምስጢር ቍጥሯንም ትነግረዋለች። በዚያች ሰዓት መቀነቷን ፈትታ ለሌላ ሰው እንደ ሰጠች ይቈጠራል። ልጁ ታማኝ ቢሆን መልካም ነው፤ ባይሆን ግን የዓመት ድካሟ በአንድ ጊዜ ይሄዳል፤ እርሷም ማን እንደ ወሰደው አታውቅም። ከሁሉ የሚከፋው ትናንት የገንዘቧ እመቤት የነበረችው እናት ዛሬ የልጅ ጥገኛ መሆኗ ነው።

4ኛ፤ መምህሩ ሊያስተምረው የሚገባ

እንግዲህ ነገሩ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አይደለም። መምህሩ ለተማሪዎቹ፣ ሽማግሌዎችም ለመንደሩ ሰው የሚከተለውን ያስተምሩ ዘንድ ይገባል።

ሀ. የምስጢር ቍጥር እንደ ጎተራ ቍልፍ ነው፤ ለልጅም፣ ለባለሱቅም፣ በስልክ ደውሎ ለሚጠይቅም አይነገርም።

ለ. ሻጭ ገንዘብ መግባቱን የሚያረጋግጠው በራሱ ስልክ ቀሪ ሒሳቡን አይቶ ነው እንጂ በከፋዩ ስልክ አይደለም።

ሐ. ማንበብ የማይችል ሰው ቢያንስ ከ0 እስከ 9 ያሉትን አኃዞች ይማር፤ ይህን ያወቀ ሰው ቍጥሩን ራሱ መጻፍና ቀሪ ሒሳቡን ራሱ ማየት ይችላል።

መ. እያንዳንዱ ቤት ለጨው፣ ለመድኀኒትና ለመንገድ የሚበቃ ዝርዝር በደኅና ስፍራ ያስቀምጥ።

ሠ. ተማሪ ለሽማግሌ የሚያነብ ቢሆን፣ ያነበበውን ለሌላ አይናገር፤ ቍጥሩን ሽማግሌው ራሳቸው ሲጽፉ ፊቱን ያዙር።

ጥያቄ

1. አሞሌና የማርያ ቴሬዛ ብር አብረው የኖሩት ስለ ምንድር ነው?

2. ባለሱቅ በመልስ ፈንታ ከረሜላ ሲሰጥ የሚጐዳ ማን ነው?

3. አንድ ገዢ ሁለት ዶሮ እያንዳንዱን በ650 ብር ገዝቶ በስልክ ቢከፍል፣ ሻጩ በስልኩ ስንት ብር መጨመሩን ማየት አለበት?

4. በቤትህ ካሉት ሰዎች አኃዝ የማያውቅ ማን ነው? እስከሚመጣው ገበያ ድረስ ስንቱን ልታስተምረው ትችላለህ?

ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ተማሪው በቃል ብቻ ሳይሆን በሥራ እንዲመልስ ይደረግ። ገንዘብ በመቀነት ቢቋጠር ወይም በስልክ ቢቀመጥ፣ ባለቤቱ ራሱ ቈጥሮ ካላወቀው የእርሱ ነው ማለት አይቻልምና።