ሙቀት ሰጪው አምፖል እንዴት ይገራል? ደጋ ላይ ጫጩት ለሚያሳድጉ

የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ነፋስ መውጫ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፤ በክረምት ደግሞ ጉሙና ዝናቡ ቀኑንም ያበርዱታል። ከማስፈልፈያ ጣቢያ በካርቶን ተጭኖ የመጣ የአንድ ቀን ጫጩት ግን በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይፈልጋል። መብራት ባለበት ይህን ጉድለት የሚሞላው ብዙ ጊዜ ባለ 250 ዋት ቀይ የማሞቂያ አምፖል ነው። አምፖሉ ሙቀት ይሰጣል እንጂ መቼ እንደበቃ አያውቅም። ስለዚህ ልኩን የሚያውቅለት ሰው ወይም መሣሪያ ያስፈልገዋል።

ጫጩት ላባ እስኪያወጣ ድረስ የሰውነቱን ሙቀት በራሱ መጠበቅ ይቸግረዋል። እናት ዶሮ ይህን የምትፈታው ቤቱን ሁሉ በማሞቅ አይደለም። የበረደው ክንፏ ሥር ይገባል፣ የሞቀው ወጥቶ ይጭራል። ከአምፖሉም የምንፈልገው ይህንኑ ነው፤ አንድ ወገን ሞቃት፣ አንድ ወገን ቀዝቀዝ ያለ፣ መሄጃውም ክፍት። በውጭ አገር እባብን በመስታወት ሣጥን የሚያሳድጉ ሰዎችም በማሞቂያ አምፖል ይጠቀማሉ፤ እነሱም ሣጥኑን ከአንድ ጎን ብቻ ያሞቃሉ። መሸሻ ያለው እንስሳ የአሳዳጊውን የልኬት ስሕተት በእግሩ ወይም በሆዱ ተጉዞ ያርመዋል።

ለዚህ ሲባል ጫጩቶቹን በካርቶን ወይም በሳጠራ በተሠራ፣ ቁመቱ 45 ሳንቲሜትር በሚሆን ክብ አጥር ውስጥ ማኖር ይበጃል። ማዕዘን ያለው አጥር አይመከርም፤ ሲበርዳቸው ጥጉ ላይ ተደራርበው ይተፋፈናሉ። አምፖሉ ወደ አንድ ወገን ተጠግቶ፣ ከጉዝጓዙ ከ45 እስከ 60 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀላል። ውኃውና መኖው ከአምፖሉ ትክክል ሥር አይቀመጡም። ሙቀቱ የሚለካው በጫጩቱ ጀርባ ቁመት፣ ከጉዝጓዙ አምስት ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው። ከዚያ በየሳምንቱ አምፖሉን ትንሽ ከፍ እያደረጉ ሦስት ዲግሪ ያህል መቀነስ ነው፣ 21 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ። ሰንሰለቱን መሳብ ወጪ የሌለው የመጀመሪያው መቆጣጠሪያ ነው።

ሁለተኛው ቴርሞስታት ነው። ጫፉ ላይ ያለው መለኪያ የተወሰነውን ዲግሪ ሲያይ አምፖሉን ያጠፋል፣ ሙቀቱ ሲወርድ መልሶ ያበራል። መለኪያው ከቦታው ተንሸራቶ ብርዱ ውስጥ ቢወድቅ ግን መሣሪያው «ገና አልሞቀም» ብሎ አምፖሉን ያለማቋረጥ ያነድደዋል። ስለዚህ ጫጩት በማይጎትተው መንገድ በሽቦ አጥብቆ ማሰር ግድ ነው። ሌላም ችግር አለ፤ የቀዘቀዘ አምፖል በሚበራበት ቅጽበት ከወትሮው ብዙ እጥፍ የሆነ ኃይል ይስባል። አቅሙ ትንሽ የሆነ ቴርሞስታት በዚህ ምክንያት ውስጡ ተጣብቆ እንደበራ ሊቀር ይችላል። አምፖሉ ከሚፈልገው በብዙ የሚበልጥ አምፔር የሚችለውን መግዛት የሚሻለው ለዚህ ነው።

የመጨረሻው ዳኛ ጫጩቱ ራሱ ነው። አምፖሉ ሥር ተደራርበው ጮክ ብለው ከጮኹ በርዷቸዋል። ከአምፖሉ ሸሽተው አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩና ክንፋቸውን ከጣሉ ሞቋቸዋል። በአንድ ጎን ብቻ ከተሰበሰቡ ከሌላው ጎን ነፋስ እየገባ ነው። ተበታትነው ገሚሱ ከበላ፣ ገሚሱ ከተኛ ልኩ ተገኝቷል።

አደጋ በአብዛኛው የሚመጣው ከአሰቃቀሉ ነው። አምፖል በገመዱ አይንጠለጠልም፤ በሰንሰለት ተሰቅሎ ሌላ ሁለተኛ ሰንሰለት ይጨመርለታል፣ አንዱ ቢበጠስ ጭዱ ወይም ሰጋቱራው ላይ እንዳይወድቅ። የአምፖሉ መያዣ ሸክላ መሆን አለበት፤ ፕላስቲኩ በሙቀቱ ይቀልጣል። ፊቱን የሽቦ መረብ ይሸፍነው። ሁለትና ሦስት አምፖል በአንድ ቀጭን ዲቫይደር ላይ መደርደር ገመዱን ያግላል፣ እሳትም ይጋብዛል።

መብራት ሲጠፋስ? ኃይሉ ሳይጠፋ ሲደክምም ችግር አለ፤ 220 ቮልት ወደ 180 ሲወርድ የአምፖሉ ጉልበት ከሩብ በላይ ይቀንሳል። ለዚህ መጠባበቂያ የሚሆነው ሃይ ቦክስ የሚባለው ነው። ዙሪያው በደረቅ ሣር ወይም በጭድ የታጨቀ፣ አየር ማስገቢያ ያለው ሣጥን ሲሆን የጫጩቶቹን የገዛ ሙቀት ይዞ ያቆያል። መብራት ባልደረሰባቸው ቀበሌዎች ዋና ማሳደጊያ ሊሆንም ይችላል። በዝግ ቤት ውስጥ ከሰል ማንደድ ግን ጫጩቱንም ሰውንም በጭሱና በማይታየው ጋዝ ይገድላል።

ቴርሞሜትሩስ እውነት ይናገራል? በፈላ ውኃ መፈተሽ እዚህ ያሳስታል፤ በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ይልቅ ቴርሞሜትሩን ወይም የቴርሞስታቱን መለኪያ ከሕክምና ቴርሞሜትር ጋር ብብት ሥር አብሮ ለአሥር ደቂቃ መያዝና ልዩነቱን መመዝገብ ይሻላል። የሰው ብብት ሙቀት ጫጩቱ ከሚፈልገው ብዙ አይርቅም።

ይህ ሁሉ እንደየአካባቢው ይለያያል። በስማዳ ወደ በሽሎ በሚወርደው ቆላ፣ ቀን ላይ ችግሩ ብርድ ሳይሆን ሙቀት ነው፤ አምፖሉ ጠፍቶ መዋል አለበት። በእስቴ ደጋማ ቀበሌዎች ደግሞ ሌሊቱ እንደ ነፋስ መውጫው ነው።

ጫጩቱ ከመምጣቱ በፊት ባለው ሌሊት ባዶውን ቤት ይፈትኑት። አምፖሉን አብርተው በማታ፣ በእኩለ ሌሊትና በንጋት ይለኩ፤ ከዚያ ብሬከሩን አውርደው ሙቀቱ በስንት ደቂቃ እንደሚወርድ ይዩ። መብራት ሲጠፋ ወደ ሃይ ቦክሱ ለመሮጥ ያለዎት ጊዜ ያ ነው። ገንዘብ ካጠረ መጀመሪያ ቴርሞሜትር፣ ቀጥሎ ሰንሰለትና የሸክላ መያዣ፣ በመጨረሻ ቴርሞስታት ይግዙ። ቴርሞሜትርና ሰንሰለት ያለው ሰው ቴርሞስታት ባይኖረውም ነቅቶ ጫጩት ያሳድጋል፤ ቴርሞስታቱን ብቻ ገዝቶ የተኛ ሰው ግን ሙቀቱን ሳይለካ፣ አምፖሉንም ሳያጠብቅ ነው የተኛው።