የድንጋይ ከሰልን የክምር እፍግታ ስለ መለካትና ስለ ማሳደግ

በጅማ አቅራቢያ ከደልቢ ሞዬ ወይም ከኢሉባቦር ከያዩ ምድር ተቆፍሮ የወጣውን የድንጋይ ከሰል ለሲሚንቶ እቶን የሚያከማች ሰው ክምሩን በዓይኑ ብቻ አይቶ ክብደቱን ቢናገር፣ ግምቱ አብዛኛውን ጊዜ ከእውነት ይርቃል፤ የከሰሉ ጓል ራሱ በሜትር ኩብ 1,300 ኪሎ ግራም ገደማ ቢመዝንም፣ ተሰብሮ በተከመረ ጊዜ በጓሎቹ መካከል የሚያድረው አየር ቦታ ስለሚሻማ፣ የክምሩ እፍግታ ብዙውን ጊዜ ከ650 እስከ 900 ኪሎ ግራም ባለው መካከል ይሆናልና።

ለመለካት፣ አስቀድሞ ከወፍራም ላሜራ የተበየደ፣ የውስጥ ወርዱም ርዝመቱም ከፍታውም 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ይዘጋጅ፤ ይዘቱ 0.125 ሜትር ኩብ ነው። ከ5 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ጓል ላለበት ከሰል ግን ከዚህ የሰፋ ሣጥን ያሻል። ባዶው ሣጥን ተመዝኖ ይጻፍ። ናሙናው ከክምሩ ግርጌ ብቻ አይታፈስ፤ ከሰል ሲገለበጥ ትልልቁ ጓል ተንከባሎ ወደ ታች ይወርዳል፣ ደቃቁም በመካከል ይቀራልና፣ ከአንድ ወገን የተወሰደ ናሙና ስለ መላው ክምር በሐሰት ይመሰክራል።

ከዚያም ከሰሉ ከሣጥኑ አፍ በላይ አንድ ክንድ ያህል ከሆነ ከፍታ፣ ያውም ከፍታው ሳይለዋወጥ፣ ከአካፋው እየተንሸራተተ ይፍሰስ፤ ሣጥኑን የሚመታ ወይም የሚነቀንቅ አይኑር። ሞልቶ የተረፈው በቀጥ ያለ ጣውላ ከአፉ ጋር ተስተካክሎ ይጠረግና ይመዘን። የባዶው ሣጥን ክብደት ተቀንሶ የቀረው 100 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ ለ0.125 ሲካፈል 800 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ ሦስት ጊዜ ተደግሞ አማካዩ ይያዝ።

ነገር ግን ሚዛን ውሃንና ከሰልን አይለይም። ስለዚህ ከዚያው ናሙና ጥቂት ተወስዶ በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ ይድረቅ፤ እርጥበቱ ከመቶ 10 ሆኖ ከተገኘ፣ ያ 800 በደረቁ ሲታሰብ 720 ብቻ ነው። እርጥበቱ ያልተጠቀሰበት የእፍግታ ቁጥር፣ በእኔ ፍርድ፣ ፊርማ እንደሌለው ደረሰኝ ነው።

እፍግታውን ለማሳደግ የሚሻ ሰው በመጀመሪያ የጓሎቹን መጠን ይመልከት፤ ሁሉም እኩል የሆነ ከሰል ብዙ ክፍተት ሲተው፣ ትልቁና መካከለኛው ከደቃቁ ጋር በተመጣጠነ ጊዜ ታናሹ በታላቁ መካከል ገብቶ አየሩን ያስወጣል። በደቃቅ ከሰል ላይ ውሃ መርጨት ግን አይረዳም፤ ከመቶ 7 ወይም 8 እስኪደርስ ድረስ እርጥበት ቅንጣቶቹን እርስ በርስ አጣብቆ እንዳይጠጋጉ ስለሚከለክላቸው፣ የደረቁ እፍግታ ይልቁንም ይቀንሳል። (ውሃን በከሰል ዋጋ የሚሸጥ ነጋዴ ግን ይህን መስማት አይወድም።)

ከሁሉ የሚበልጠው መጠቅጠቅ ነው። በጀርመን በዛር አውራጃ፣ ጥሩ ኮክ (ከሰል አየር በሌለበት ሲጋገር የሚቀረው ነዳጅ) የማይወጣው ከሰል ወደ ምድጃው ከመግባቱ በፊት በመደቅደቂያ ተቀጥቅጦ ከ1,000 ኪሎ ግራም በላይ እንዲታፈግ በማድረግ ጠንካራ ኮክ ማግኘት ተችሏል። በማከማቻ ሜዳ ደግሞ ከሰሉ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ንብር እየተነጠፈ፣ ቀጣዩ ንብር ከመጨመሩ በፊት ዶዘር ወይም ሮለር ይመላለስበት። ጎኖቹም አይዘንጉ፤ ነፋስ የሚገባው በእነርሱ በኩል ነው፣ አየር ያገኘ ከሰልም ቀስ በቀስ ግሎ እሳት ሳይለኮስበት ይነዳል። በክምሩ ውስጥ በተተከለ የብረት ቱቦ ሙቀቱ እየታየ፣ ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ ያ ክፍል ሳይዘገይ ተቆፍሮ ይውጣ፣ ተበትኖም ይቀዝቅዝ።

በጭነት መኪና ላይ ግን ከሰልን መጠቅጠቅ ከንቱ ድካም ነው፤ 40 ሜትር ኩብ የሚይዝ ተሳቢ በ800 እፍግታ 32 ቶን ይሸከማልና፣ ሳጥኑ ሳይሞላ የተፈቀደው ክብደት ቀድሞ ሊደርስ ይችላል።