በጓዳ የተቀመጠ የድኻ ገንዘብ

ምጽዋት ማለት ሰው ከእግዚአብሔር ከተቀበለው ሀብት ከፍሎ ለተቸገረ ወንድሙ በርኅራኄ የሚሰጠው ስጦታ ነው። ጾም ያለ ምጽዋት፥ ምጽዋትም ያለ ፍቅር ፍጹም እንዳይደለ አባቶቻችን ሲያስተምሩን ኖረዋል። ስለ ገንዘብና ስለ እህል ምጽዋት ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው የፈለግነው ግን ብዙ ሰው እንደ ምጽዋት የማይቈጥረውን፥ ይኸውም በየቤታችን ሥራ ፈትቶ የተቀመጠውን ልብስና የቤት ዕቃ ነው።

ወቅቱ ራሱ ያሳስበናል። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎችም ስፍራዎች ታላቅ እልቂት ያደረሰው፥ ሕዝቡም «የኅዳር በሽታ» ብሎ የጠራው ወረርሽኝ መታሰቢያ ሆኖ፥ ኅዳር 12 ቀን ሰው ቤቱንና ግቢውን ጠርጎ ጥራጊውን የማቃጠል ልማድ አለው፤ ልማዱም «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ከሦስት ቀን በኋላ ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ይገባል። ጾሙም ሲፈጸም ታኅሣሥ 29 ቀን፥ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን፥ በዓለ ልደት ይከበራል። እንግዲህ ቤት የሚጠረግበት፥ ሥጋ በጾም የሚደክምበት፥ ልብም የጌታን ልደት ለመቀበል የሚዘጋጅበት ጊዜ ተከታትሎ መምጣቱ ለሚያስተውል ሰው ትምህርት አለው። ወራቱ ደግሞ ብርድና ውርጭ የሚበረታበት ነው። ስለዚህ ከጓዳ የወጣው ሁሉ ወደ እሳት ወይም ወደ ጥራጊ ከመሄዱ በፊት፥ «ይህ ለማን ይጠቅማል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

፩. ትርፉ የማን ነው?

መጥምቁ ዮሐንስ ሕዝቡ ምን እናድርግ ብለው በጠየቁት ጊዜ፥ ሁለት ልብስ ያለው ሰው ለሌለው እንዲያካፍል አዘዘ (ሉቃ. 3፥11)። ሁለት እንጂ ዐሥር አላለም። በቂሣርያ ዘቀጰዶቅያ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ታላቁ ባስልዮስም በ4ኛው መቶ ዓመት ባለጠጎችን ሲገሥጽ፥ በሣጥን የተቈለፈው ልብስ የታረዘው ሰው እንደ ሆነ፥ ተቀምጦ የሚበሰብሰውም ጫማ ባዶ እግሩን የሚሄደው ሰው እንደ ሆነ አስተምሯል። የዚህ ሊቅ ነገር ብርቱ ነው። ትርፍን ይዞ የተቀመጠ ሰው የራሱን ያስቀመጠ ይመስለዋል፤ ሊቁ ግን የሌላውን ሰው ገንዘብ እንደ ያዘ ይነግረዋል።

ምናልባት አንድ ሰው፥ «የማያስፈልገኝን ብሰጥ ምን ዋጋ አለው? መበለቲቱ የተመሰገነችው ካላት ሁሉ ስለ ሰጠች አይደለምን?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ የመበለቲቱ ምጽዋት ከሁሉ ይበልጣል (ማር. 12፥41-44)። ነገር ግን ይህ ትርፉን ይዞ ለመቀመጥ ምክንያት አይሆንም፤ በትርፉ ላይ ከመመካት ይከለክላል እንጂ። የማይለብሰውን ካፖርት የሰጠ ሰው ገና ቸርነት አላደረገም፤ ዕዳውን መክፈል ጀመረ። ይህንንም ያወቀ ሰው ሲሰጥ አይታበይም፥ ከተቀባዩም ምስጋና አይጠብቅም። ዕዳውን የሚከፍል ሰው አመስግኑኝ አይልምና።

፪. ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክና ያረጀው ጨርቅ

ያገለገለ ልብስ ምን ያህል ዋጋ ሊኖረው እንደሚችል ከመጻሕፍት ብንመረምር፥ ምሳሌውን ከወገናችን እናገኛለን። ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከባ እንጀራ በጠፋበት ጊዜ፥ መኳንንቱ ነቢዩ ኤርምያስን ጭቃ ወደ ሞላበት ጕድጓድ ጣሉት። በንጉሡ በሴዴቅያስ ቤት ያገለግል የነበረው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ይህን ሰምቶ ወደ ንጉሡ ገባና ስለ ነቢዩ ተናገረ፤ እንዲያወጣውም ተፈቀደለት (ኤር. 38፥7-13)።

ከዚህ በኋላ ያደረገውን ልናስተውል ይገባናል። ገመድ ብቻ ይዞ አልሄደም። አስቀድሞ ከቤተ መዛግብቱ በታች ወዳለው ስፍራ ገብቶ ያረጀና የተጣለ ጨርቅ ሰበሰበ፤ በገመድም ወደ ነቢዩ አወረደለት፤ ገመዱም እንዳይጐዳው ጨርቁን በብብቱ ሥር እንዲያደርገው ነገረው። ያ ጨርቅ በንጉሥ ቤት ሳለ ማንም የማይፈልገው ነበር፤ አሳቢ ሰው ባገኘው ጊዜ ግን ለነቢይ ማውጫ ሆነ። ጨርቁን ከጥራጊ ወደ ምጽዋት የለወጠው የጨርቁ አዲስነት አይደለም፤ የተቸገረው ሰው ገላ እንዳይቈስል አስቀድሞ ያሰበው ልብ ነው።

እግዚአብሔርም ይህን አልረሳም፤ ከተማይቱ በተያዘች ጊዜ አቤሜሌክ በሰይፍ እንዳይወድቅ በነቢዩ አፍ ቃል ኪዳን ሰጠው (ኤር. 39፥15-18)። በቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት ከሚቈጠረው ከተረፈ ባሮክም፥ አቤሜሌክ የከተማይቱን ጥፋት እንዳያይ 66 ዓመት በእንቅልፍ እንደ ተጠበቀ፥ በመሶቡ የያዘውም በለስ ሳይደርቅ እንደ ተገኘ እንረዳለን።

፫. መስጠትና መጣል አንድ አይደሉም

ከዚህ የምንማረው፥ ያገለገለ ዕቃ መስጠት ነውር እንዳይደለ፥ ነገር ግን ያለ አሳብ መስጠት ነውር እንደ ሆነ ነው። በበዓል ሰሞን አዲስ ዕቃ ይገዛል፤ ለአዲሱም ቦታ ለማስለቀቅ አሮጌው ይወጣል። የተቀደደ ሸሚዝ፥ ባለ አንድ እግር ጫማ፥ ቂጡ የተበሳ ድስት በአንድ ማዳበሪያ ታጭቆ «ለነዳያን» ተብሎ ይላካል። ይህ ቤትን ማጽዳት እንጂ ምጽዋት አይደለም። ነዳያን የቤታችን ጥራጊ መድፊያ አይደሉም። ነቢዩ ሚልክያስ ዕውርና አንካሳ እንስሳ ለመሥዋዕት ያመጡትን ሰዎች ሲዘልፍ፥ ያንኑ ለአገረ ገዥያቸው ቢያቀርቡት ይቀበላቸው እንደ ሆነ ጠይቋቸዋል (ሚል. 1፥8)። ጌታችንም በመጨረሻው ፍርድ ለታናናሾቹ የተደረገውን ሁሉ ለራሱ እንደ ተደረገ እንደሚቈጥረው ስለ ተናገረ (ማቴ. 25፥31-46)፥ የምንልከውን ማዳበሪያ ከመቋጠራችን በፊት ማን እንደሚፈታው እናስብ።

ስለዚህ መለኪያው አንድ ነው፤ ይህን ዕቃ ለምናከብረው እንግዳ ወይም ለእኅታችን ልጅ ሳናፍር እንሰጠዋለን ወይ? የምናፍርበት ከሆነ ወይ ይጠገን፥ ወይ ወደ ጥራጊ ይሂድ እንጂ በእግዚአብሔር ስም አይሰጥ።

፬. ለማንና እንዴት?

በኢዮጴ የነበረችው ጣቢታ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት፥ ከእነርሱ ጋር ሳለች የሠራችውን ልብስ ነበር (የሐዋ. 9፥36-42)። ጣቢታ መበለቶቹን በቅርብ ታውቃቸው ነበር። እኛም አስቀድመን ችግረኛውን እንወቅ። በሰፈራችን ያለች አራስ የሕፃን ልብስና መታጠቢያ ሳፋ ያስፈልጋት ይሆናል፤ ከገጠር መጥቶ በጠባብ ቤት የተከራየ ቤተ ሰብ ፍራሽ፥ ምጣድ፥ ባልዲ የሌለው ይሆናል፤ የጎረቤት ልጅም የደብተር መያዣ ቦርሳ ያጣ ይሆናል። ይህን የእድርና የሰንበቴ ሰዎች፥ የሰበካ ጉባኤ አገልጋዮችም ከማንም ይልቅ ያውቁታል። አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን የሚጦሩ፥ በአዲስ አበባ እንዳለው እንደ መቄዶንያ ያሉ ማእከላትም አሉ፤ ወደ እነዚህ ከመላክ በፊት የሚያስፈልጋቸውን መጠየቅ መልካም ነው።

የአብነት ተማሪዎችንም መርሳት አይገባም። በአብነት ትምህርት ቤት ያደግን ሁሉ እንደምናውቀው፥ ከአገሩ ርቆ በየኔታ ደጅ በጎጆ የሚኖር ተማሪ ቀን አኩፋዳውን አንግቶ ቍራሽ ይለምናል፤ ሌሊት ግን የሚያስጨንቀው ብርዱ ነው። በከተማ በቁም ሣጥን ተጣጥፎ ዓመት የሚከርም አንድ ብርድ ልብስ በዚያ ጎጆ ሁለት ልጆች ያስተኛል። ቅዱስ ጳውሎስ እንኳ በእስር ቤት ሳለ በጢሮአዳ የተወውን በርኖስና መጻሕፍቱን እንዲያመጣለት፥ ራሱም ከክረምት በፊት እንዲደርስለት ጢሞቴዎስን ለምኗል (2 ጢሞ. 4፥13-21)። ሐዋርያውን ያላሳፈረ ችግር ተማሪውን አያሳፍረውም፤ የምናፍረው ልብሱን ይዘን የዘገየን እኛ ነን።

አሰጣጡን በሚመለከት ጥቂት ነገር እናስታውስ። ልብሱ ይታጠብ፥ በፀሐይ ይሰጣ፥ የተፈታው ቍልፍ ይተከል። ጫማው ጥንዱ እንዳይለያይ በክሩ ይታሰር፤ ድስቱ ከነክዳኑ ይሁን። የተረፈ መድኃኒት ግን ያለ ሐኪም ጕዳት ስለሚያመጣ ከዚህ ጋር አይሰጥ። ልጆችም ከራሳቸው ልብስና መጫወቻ መርጠው በእጃቸው ይስጡ፤ በልጅነት የተማሩት ልግስና ሲሸመግሉም አይለያቸውም። ስጦታውም በዓሉ ሳይደርስ ይድረስ፤ በዋዜማ ያልደረሰ ልብስ በበዓሉ ቀን የታረዘውን አላለበሰም።

ይልቁንም በዛሬው ጊዜ፥ ችግረኛው ልብስ ሲቀበል ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሕዝብ ማሳየት ተለምዷል። ጌታችን ምጽዋታችን በስውር እንዲሆን አዝዟል (ማቴ. 6፥1-4)። ጋቢ ለብሶ ክብሩን የተገፈፈ ሰው፥ ከብርድ ቢድንም ከኀፍረት አልዳነም።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፥ በዓለ ልደትን ስናከብር የምናስበው፥ ሰማይና ምድርን የፈጠረ አምላክ በእንግዳ ማደሪያ ስፍራ አጥቶ በጨርቅ ተጠቅልሎ በግርግም መተኛቱን ነው። ግርግሙ ለከብት ድርቆሽ የተሠራ ተራ ዕቃ ነበር፤ ለእርሱ ግን አልጋ ሆነው። በዚህ ጾም ጓዳችንን ስንከፍት፥ ብልና ዝገት ከሚያጠፋው ዕቃ መካከል ለጌታ ታናናሾች አልጋና ልብስ የሚሆነውን ለይተን እናውጣ፤ እንደ አቤሜሌክም ገመዱን ብቻ ሳይሆን ጨርቁን ጨምረን እናውርድ።

ይህን ለማድረግ አምላካችን ልቡናችንን ያነሣሣልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።